የማን ክረምት? የማን ፋሽን?
(ስለ አለባበስ ገጾች የቀረበ ሂስ)

ሂስ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ልቦለድና ግጥም ነው። አንዱ መጽሐፍ ያሳትማል፤ ሌላው ብዕሩን ስሎ ይጠብቀዋል። ነገር ግን ከልቦለድም ከግጥምም በላይ የሚነበብ፣ ሂስ ግን እምብዛም የማይደርስበት አንድ የጽሑፍ ዓይነት አለ። እርሱም ስለ ልብስ የሚጻፈው ነው። «በዚህ ወቅት ምን እንልበስ?» የሚለውን ማለቴ ነው። በመጽሔት የመጨረሻ ገጾች ላይ ይወጣል፤ በጋዜጣ ዐምድ ይወጣል፤ ዛሬ ዛሬ ደግሞ በየሰዉ ስልክ ይዞራል። ዶርም ውስጥ ለፈተና የማይነቃ ሰው ለእርሱ ይነቃል። ታዲያ ይህን ያህል የሚነበብን ጽሑፍ «ተራ ነገር ነው» ብሎ ማለፍ ከሃያሲ አይጠበቅም። ተራ ነገር ቢሆንማ ኖሮ ማን ያነበው ነበር?

የማንንም ስም አላነሣም፤ ማንሣትም አያስፈልግም። የዚህ ዓይነት ጽሑፍ አንዱን ያነበበ ሁሉንም አንብቧል ማለት ይቻላል። አካሄዱ የታወቀ ነው። በመጀመሪያ ወቅቱ መለወጡን ያበሥራል። ቀጥሎ «የግድ ሊኖርሽ የሚገባ» እያለ አምስት ወይም ስድስት ልብስ ይቆጥራል፦ እጅጌ የሌለው ሸሚዝ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ነጭ ሱሪ፣ ጣት የሚያሳይ ጫማ። በመጨረሻም ጸሐፊዋ ወይም ጸሐፊው ራሳቸው ያገኙትን አንድ «ግኝት» ያሳዩና ይሰናበታሉ። ይኸው ነው። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ቃል በቃል እንመርምረው።

ክረምት የሚባለው ቃል

ከመጀመሪያው ቃል እንጀምር። «የክረምት ፋሽን» ይላል ርእሱ። የየትኛው ክረምት?

በእኛ አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ትርጉሙም ዝናብ ነው፤ ጭቃ ነው፤ ጉም ነው፤ ደመናው ሳይገለጥ የሚውል ቀን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሐምሌና በነሐሴ በረዶ ጣራ ሲቀጠቅጥባት ይሰማል። በፈረንጆቹ አገር ግን በዚያው ወር ፀሐይ የምትበረታበት፣ ሰው ሁሉ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚወርድበት ጊዜ ነው። ወሩ አንድ ነው፤ ሰማዩ ግን አንድ አይደለም።

ነገሩን ያበላሸው ትርጉም ነው። የእነርሱን የፀሐይ ወቅት ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ሁለት መንገድ አለው። ፀሐዩን ከተከተለ «በጋ» ይለዋል፤ ወሩን ከተከተለ «ክረምት» ይለዋል። ትምህርት ቤት የለመድነው ሁለተኛውን ነው፤ «የክረምት ትምህርት» የምንለው በእነርሱ የፀሐይ ወራት የሚሰጠውን ነውና። ለትምህርት ቢሆን ጉዳት የለውም፤ ሒሳብ በዝናብም በፀሐይም ያው ሒሳብ ነው። ልብስ ግን እንደዚያ አይደለም። የአለባበስ ገጻችን ቃሉን ከትምህርት ቤት፣ ልብሱን ከፈረንጅ መጽሔት ወስዶ ሁለቱን አጋባቸው። ከዚህ ጋብቻ የተወለደው በሐምሌ አጋማሽ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሳ፣ የፀሐይ መነጽር አድርጋ፣ አራት ኪሎ ላይ ታክሲ የምትጠብቅ ምስኪን አንባቢ ናት። ተርጓሚው ቃሉን ተርጉሟል፤ አየሩን ግን መተርጎም አልቻለም።

«እንዴ! አገሩ አዲስ አበባ ብቻ ነው ወይ?» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው። በአፋር ሜዳ ሐምሌ ማለት እሳት ነው። ድሬዳዋም በእነዚያ ወራት ካፖርት የሚያስለብስ ብርድ የለም። ነገር ግን ይህ መልስ ገጹን ይበልጥ ያጋልጠዋል እንጂ አያድነውም። ለሙቀት የሚሆን ልብስ ከፈለገ ሽርጥ አለለት፤ ድሪያ አለለት፤ ቆላው ሕዝባችን ለብዙ ዘመን ያጠናው የአየር አለባበስ አለለት። በገጹ ላይ ሽርጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ገጹ ከአዲስ አበባ ብርድ ወጥቶ ወደ ሙቀት ሲሄድ በአዋሽና በድሬዳዋ በኩል አያልፍም፤ በአየር በርሮ ሜዲቴራኒያን ባሕር ዳርቻ ላይ ያርፋል።

ወቅቱን ማን ቆረጠው?

ለመሆኑ ፋሽን በወቅት የሚከፈለው ለምንድን ነው? ፈረንጆቹ በአየራቸው ምክንያት ጀመሩት እንበል። የቀጠለው ግን በንግድ ነው። ትልልቆቹ የልብስ ቤቶች በዓመት ሁለት ዋና ዋና ትርኢት ያሳያሉ፤ አንዱ ለፀሐይ፣ አንዱ ለብርድ። ኒው ዮርክ፣ ለንደን፣ ሚላኖና ፓሪስ ተራ በተራ ያሳያሉ። ልብ በሉ፤ ለመጪው የፀሐይ ወቅት የሚሆነውን የሚያሳዩት እ.ኤ.አ. በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከስድስት ወር ያህል በፊት ማለት ነው። ምክንያቱም ነጋዴ ማዘዝ አለበት፤ ፋብሪካ መስፋት አለበት፤ መርከብ መጫን አለበት። ስለዚህ «የወቅቱ ፋሽን» የሚባለው ከሰማይ የወረደ የአየር ለውጥ ሳይሆን ከመጋዘን የተላለፈ የጊዜ ሰሌዳ ነው። አምና የገዛኸው ሸሚዝ ሳይቀደድ የሚያረጀው ለዚህ ነው። ያረጀው ጨርቁ አይደለም፤ ቀኑ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ፈረንጅን ለመውቀስ አይደለም። እነርሱ ለአየራቸውና ለገበያቸው ጻፉ፤ ደግ አደረጉ። የእኛ ጸሐፊ ግን ለማን ጻፈ?

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ገጹ በፀሐይ ወቅት አጥብቆ የሚያወድሰው ጨርቅ አለ፤ «ሊነን» ይለዋል። ቀዝቃዛ ነው፣ ላብ ይመጣል፣ ሲጨማደድም ያምርበታል እያለ ያደንቃል። ውዳሴው እውነት ነው። ግን ሊነን ምንድን ነው? ሊነን የተልባ እግር ነው። አዎን፤ ያቺው የምናውቃት ተልባ። መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ ያነበበ ሁሉ «የተልባ እግር» የሚለውን ስም ያውቀዋል። እኛ ፍሬውን ቆልተን፣ ወቅጠን፣ በጥብጠን እንጠጣለን፤ ፈረንሳይና ቤልጅግ ደግሞ አገዳውን ዘፍዝፈው፣ ፈትለው ይለብሱታል። ጸሐፊያችን ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጽፍ ኖሮ አንባቢው ስለ ጨርቁ ዕውቀት፣ ስለ ቋንቋው ኩራት ያገኝ ነበር። «ሊነን» ብሎ ዝም ሲል ግን ከእናቱ ጓዳ ያለውን ተክል በባዕድ ስም አስተዋወቀው። ይህ የፋሽን ጥፋት አይደለም፤ የጽሑፍ ጥፋት ነው።

«አገኘሁት» ወይስ «ገዛሁት»?

ወደ «ግኝት» እንምጣ። የገጹ ጸሐፊዎች አንድ ልብስ ሲያሳዩ «ገዛሁት» አይሉም፤ «አገኘሁት» ይላሉ። የጠፋ በሬ ይመስል። «ገዛሁት» ሲባል አንባቢ ወዲያው «በስንት?» ይላል። «አገኘሁት» ሲባል ግን ጥያቄው ይዘጋል፤ ምስጋናው በሙሉ ለአግኚው ዐይን ይሆናል። ዋጋ የሚባለው ነገር ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ተሰርቆ ይወጣል።

እኛ ተማሪዎች ግን ልብስ የምናገኘው የት እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ሳልባጅ ተራ ነው። መርካቶ ገብቶ ቦንዳ ሲፈታ ያላየ ማነው? ገመዱ ሲበጠስ ያ ሁሉ ጨርቅ እንደ ተጨቆነ ሳንባ ተንፍሶ ይነሣል። ቀድሞ የደረሰ ጥሩውን ይመዛል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው መልኩን አያይም፤ መጀመሪያ ብብቱን ያያል፣ ከዚያ ስፌቱን ይጎትታል፣ ከዚያ ወደ ብርሃን አንሥቶ ብል የበላው መሆኑን ይመረምራል፣ ዚፑን ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ሁለት ጊዜ ወደ ታች ያስኬዳል። ወዶ ያልወደደ መስሎ መጣል አለ፤ ዞሮ መመለስ አለ፤ «እቴ፣ ተማሪ ነኝ» ብሎ መለመን አለ። ሻጯም «የኔ ልጅ፣ እኔስ የምን ባለሀብት ነኝ?» ትላለች። ይህ ሁሉ ጥበብ ነው። ዕውቀት የሚጠይቅ፣ ቋንቋ ያለው፣ ቀልድ ያለው ጥበብ። ስለዚህ ጥበብ ግን ገጹ ላይ አንድ መስመር አይገኝም። ሳልባጅ የለበሰ ሁሉ «ከውጭ ተልኮልኝ ነው» ይላል፤ ገጹም እንደ ለባሹ ያፍራል።

በሌላ በኩል ሳልባጅን እንደ ቅዱስ ነገር አናሞግስ። አብዛኛው በኮንትሮባንድ የሚገባ ነው። ሌላ አገር ሰው ለብሶ የተወው ልብስ ርካሽ በሆነ ቁጥር፣ እዚህ አዲስ ሰፍቶ የሚሸጠው ልብስ ሰፊ ይጎዳል። አገራችን ደግሞ የጨርቅ ፋብሪካ የማታውቅ አገር አይደለችም፤ የድሬዳዋና የአቃቂ ተቋቁመውባታል፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ከኢጣሊያ በተገኘ የጦር ካሣ የተቋቋመው የባሕር ዳር አለ። የመጣ ጨርቅ መልበስም ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ አቡጀዲ የምንለው ጨርቅ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከአሜሪካ ድረስ በመርከብ ይመጣ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው «የውጭ ነው ወይስ የአገር?» የሚል ቀላል ጥያቄ አይደለም። ጥያቄው «ማን ሠራው? በስንት ተሸጠ? ማን ተጠቀመ?» የሚለው ነው። «አገኘሁት» የሚለው ግሥ የሚሸፍነው ይህን ሁሉ ነው።

ደግሞ አንድ አስገራሚ ነገር ልብ እንበል። ከቦንዳው ውስጥ በሰኔና በሐምሌ የምንሻማበት ልብስ የትኛው ነው? የፈረንጅ የብርድ ልብስ ነው። ወፍራሙ ካፖርት፣ ሹራቡ፣ ዝናብ የማያስገባው ጃኬት። ገጹ የእነርሱን የፀሐይ ልብስ ልበሱ ሲለን፣ ኪሳችን በራሱ ጊዜ የእነርሱን የብርድ ልብስ ይመርጣል። ከገጹ ይልቅ ኪሳችን አየሩን ያውቃል ማለት ነው። ዶርም ስንገባማ ጨዋታው ያልቃል፤ ዘናጩም ፋራውም እኩል ጋቢ ይከናነባል።

ትእዛዙ ለማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። የገጹን ግሦች ቁጠሩ። «ልበሺ»፣ «አድርጊ»፣ «ጣይ»፣ «እንዳትለብሺ»። ሁሉም ትእዛዝ ነው፤ ሁሉም ለሴት ነው። ወንድ አንባቢ አንድ ጊዜ ቢጠቀስ «ሽክ በል» ተብሎ ይታለፋል። እርሷ ግን ከፀጉሯ እስከ ተረከዟ ትታዘዛለች። ገጹን ዘግታ ስትወጣ ደግሞ በር ላይ ሌላ አዛዥ ይጠብቃታል። «ይቺ ደግሞ ምን ለብሳ ነው?» ይላል። ገጹ «አሳጥሪ» ይላታል፤ መንገዱ «አስረዝሚ» ይላታል። ሁለቱ ጠላቶች ይመስላሉ፤ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ እርሷን ማዘዝ መብታቸው መሆኑን።

ይህ ነገር በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. ያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው ግቢ፣ በራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ብዙ ተማሪዎች ተቃወሙ። ሚኒ ቀሚስና የመሳሰለው የባህል ወረራ ነው፤ ሕዝቡ በችግር እያለ የልብስ ትርኢት ማሳየት ስላቅ ነው አሉ። ትርኢቱን ሊያዩ የመጡ ሰዎች ተሰደቡ፣ ተጎነተሉ። ፖሊስ ገባ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ።

እነዚያ ተማሪዎች የጠየቁት ጥያቄ ትልቅ ነበር። «ይህ ፋሽን የማን ነው? ለማን ይጠቅማል?» ማለት ዛሬም ተገቢ ነው፤ ይህ ጽሑፍ ራሱ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። መልሱ ያረፈበትን ቦታ ግን እንመልከት። ተቃዋሚዎቹ ወንዶች ኮትና ሱሪ የለበሱ ነበሩ። ኮትም እኮ የመጣው ከዚያው ከሚኒ ቀሚስ አገር ነው። ነገር ግን በኮቱ ምክንያት በር ላይ የተያዘ ወንድ አልተሰማም። የባህል ወረራው የታየው በሴቷ ጉልበት ላይ ብቻ ነበር። ስለ ኢምፔሪያሊዝም የተጀመረው ክርክር በአንዲት ልጅ ቀሚስ ርዝመት ተፈጸመ።

በእኛም ብቻ አልቆመም። ታንዛኒያ ውስጥ የገዢው ፓርቲ የወጣቶች ክንፍ እ.ኤ.አ. በ1968 በሚኒ ቀሚስ፣ በሰው ሠራሽ ፀጉርና በጠባብ ሱሪ ላይ ዘመቻ አወጀ። ማላዊ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣችው ሕግ ሴት አጭር ቀሚስና ሱሪ እንዳትለብስ ከለከለች፤ ወንዱንም ፀጉርህን አታስረዝም አለች። ሕጉ የተሻረው ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ፋሽንን መተቸትና ለባሿን መቅጣት ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም። ስለዚህ የአለባበስ ገጽን የሚተች ሰው አስቀድሞ ዱላው በማን ላይ እንደሚያርፍ ማየት አለበት። የእኔ ሂስ በጽሑፉ ላይ ነው። ለባሿ የወደደችውን ትልበስ፤ እኔን ምን አገባኝ?

ልብስ ማንበብ

«ታዲያ ምን ይጻፍ?» ማለታችሁ አይቀርም። የሚጻፍማ ሞልቷል። አማርኛ ስለ ልብስ ለመጻፍ ቃል አላነሰውም።

ነጠላን ብቻ እንውሰድ። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፤ ጋቢ አራት ነው፤ ቡሉኮ ከዚያም ይወፍራል። ያቺው አንዲት ነጠላ ግን እንደ አለባበሱ ትናገራለች። ጥለቱ ወደ አንገት ከወጣ ሐዘን አለ ማለት ነው። መስቀልኛ ከተጣፋ ለባሹ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ነው። ወገብ ላይ ከታሰረ አደግድጓል፤ በታላቅ ፊት ቆሟል ወይም ሊያስተናግድ ነው። አንድ ጨርቅ፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር። ይህን ቋንቋ የሚያነብ የአለባበስ ገጽ ብናገኝ እኔ የመጀመሪያው ደንበኛ እሆናለሁ። ሰውየው ከርቀት እየመጣ ሳይናገር ዜናውን የሚነግርህ ሌላ ምን ልብስ አለ?

ሥነ ጽሑፋችንም ይህን ያውቃል። በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ፣ በአማርኛ የመጀመሪያው የሚባለው፣ ነገሩን የሚያሽከረክረው በልብስ ነው፤ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድ መስላ ትጓዛለች፤ የንጉሥ ልጅም ወንድ መስላት ትወዳታለች። ልቦለዳችን ሲወለድ «ልብስ ሰውን ይለውጠዋል ወይ?» ብሎ ጠይቋል ማለት ነው። የአለባበስ ገጾቻችን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው እዚያ ጥያቄ ላይ አልደረሱም።

አደራ፤ «የባህል ልብስ ብቻ እንጻፍ» እያልኩ አይደለም። ባህል ራሱ ይለወጣል። ጥበቡ የሚያብረቀርቅበት ክር ከውጭ የሚመጣ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማኔው በእጁ መወርወሪያ የሠራው ጥለት በሳምንቱ በፋብሪካ ታትሞ መርካቶ ሊገኝ ይችላል፤ በዋጋውም የሸማኔውን ሥራ ይሰብራል። ስለ ሸማኔው ግን ማን ይጽፋል? ድሮ የሚንቁት ብዙ ነበሩ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ዛሬ ስድቡ ቀርቷል እንበል። ስሙን አለመጥራትስ ምን ይባላል? ገጹ የለባሿን ስም፣ የፎቶ አንሺውን ስም፣ የሱቁን ስም ይጽፋል። ጥጡን የባዘተችውንና የፈተለችውን፣ ድሩን የዘረጋውን አይጽፍም።

እንግዲህ ከአለባበስ ገጽ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ወሩን ሲጠራ መስኮት ከፍቶ ሰማዩን ይይ። ልብስ ሲያሳይ ዋጋውን ይጻፍ፤ የተማሪ አንባቢ እንዳለውም ያስብ። ጨርቁን ሲያደንቅ ከምን እንደ ተሠራና ማን እንደ ሠራው ይናገር። ሳልባጅ ከሆነ ሳልባጅ ይበለው፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም ቢባልም በሐምሌ ብርድ ያሞቃልና። በመጨረሻም ትእዛዙን ትቶ «እኔ እንዲህ ለበስኩ፤ ምክንያቱም…» ይበል። ምክንያቱን ከሰማን በኋላ እንከራከራለን።

ክረምቱ ሲገባ ብዙዎቻችን በየአውቶቡሱ ወደየአገራችን እንበተናለን። ፍሬሾች በተለይ የሚለብሱትን ሲመርጡ ያድራሉ። የመንደሩ ሰው ከሰላምታ በፊት ጫማቸውን እንደሚያይ ያውቃሉ። እዚያ ስትደርሱ አባትና እናታችሁ፣ የጎረቤት እረኛው ከነገሳው፣ የገበያ ሴቶች ምን እንደ ለበሱና ለምን እንደ ለበሱ አስተውላችሁ ጻፉ። በጥቅምት ስንገናኝ ለዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስጡ። ያኔ «የክረምት ፋሽን» የሚል ርእስ ብናይ የማን ክረምት እንደ ሆነ አንጠይቅም።